ወደ ጣና ገዳማት ስለሚወስደው የሞተር ጀልባ

ቀድሞ መንቆረር ትባል ከነበረችው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚሄድ መንገደኛ፥ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እኛም ቤተሰብ ይዘን በዚሁ መንገድ በሄድን ጊዜ፥ ነጂው ዳገት በመጣ ቁጥር ማርሽ እየቀነሰ፥ ሜዳ ባገኘ ጊዜ ደግሞ እየጨመረ ሞተሩን በልኩ ሲያስኬደው አየን። ይህን አስቀድመን ማንሣታችን፥ በኋላ ስለ ጀልባ ለምንናገረው ነገር ስለሚረዳ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት፥ ወይም ራቅ ብሎ እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ወዳሠሩባት ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር ሰው፥ ዛሬ የሚሳፈረው በሞተር ጀልባ ነው። የደንገሉ ታንኳም ገና አልጠፋም፤ ዓሣ አጥማጁ ዛሬም ይቀዝፍበታል። በወደቡ ላይ ጀልባ የሚከራይ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ቊጥሩ ትልቅ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ይህ በቅሎን በኮርቻዋ ጌጥ እንደ መምረጥ ያለ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና፥ አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን እጅ ለማጣት ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው 33 ያህል ብቻ ነው። አየሩን በኃይል የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ሞተር የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ሞተሩ እንዲህ ሲደክም ግን ውሃው አልቀለለም፤ በከፍታው ላይም ቢሆን ያው ከባድ ውሃ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ውሃውን የሚገፋው፥ ከጀልባው ኋላ በውሃ ውስጥ የሚዞረው ባለ ምላጭ ፕሮፔለር ነው። መጠኑ በሁለት ቊጥር ይነገራል፤ አንዱ ስፋቱ ሲሆን፥ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው። ይህን ሁለተኛውን ባለሙያዎቹ ፒች ይሉታል፤ እኛ እርምጃ ብንለው ይቀላል። መኪና ብዙ ማርሽ አለው፤ እንዲህ ያለው ጀልባ ግን ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚወስነው ይህ እርምጃ ነው። እርምጃው የረዘመ ፕሮፔለር ለደከመ ሞተር ሲሰጥ፥ በሦስተኛ ማርሽ የዓባይን ገደል ለመውጣት እንደ መሞከር ይሆናል። ሞተሩ ይታፈናል፥ ይግላል፥ ነዳጅ ይፈጃል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበትን የዙር ብዛትም አያገኝም።

በምሳሌ እንግለጠው። ሠሪው በሙሉ ነዳጅ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ጊዜ እንዲዞር ያዘዘለት ሞተር፥ 14 ኢንች እርምጃ ባለው ፕሮፔለር ተጭኖ 4,600 ላይ ቢቆም፥ እርምጃው በአንድ ኢንች ባጠረ ቊጥር ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 11 ኢንች ያለውን ቢያስገቡለት ከ5,000 ያልፋል። እርምጃው አጥሮ ሳለ ጀልባው ይፈጥናል ቢባል ለሰሚ ያስገርማል፤ ነገር ግን ጭነት ላለበት ጀልባ እውነት ነው።

በዚያው መጠን የዚህ ተቃራኒ ጉዳት አለው። እርምጃው ከልክ በላይ ያጠረ እንደ ሆነ፥ ጀልባው ባዶውን ሲሄድ ሞተሩ ከተወሰነለት ዙር አልፎ ይሮጣል። አንዳንዱ ሞተር ወሰኑን ሲያልፍ እሳቱን ራሱ ይቆርጣል፤ ይህ መከላከያ የሌለው ግን እስኪሰበር ይሮጣልና፥ ነጂው ነዳጁን ገታ አድርጎ መያዝ አለበት።

የተከበራችሁ የቤተሰብ አባቶችና እናቶች ይህን ለማወቅ ምን ያስፈልገናል ትሉ ይሆናል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ሳለ የታፈነ ሞተርም ያደርሳል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ፊት ለፊት ሲመታ ግን፥ ሕፃናትና አሮጊቶች የተሳፈሩበት ጀልባ የሚድነው ነጂው በፈለገው ጊዜ የሚጨምረው ትርፍ ጉልበት ሲኖር ነው። እንግዲህ ለነጂው የሚቀርበው ጥያቄ፥ «ሰው ሞልቶ፥ በሙሉ ነዳጅ ስንት ዙር ይደርሳል?» የሚል ይሁን። መልሱ ሠሪው ከወሰነው በታች ከሆነ፥ ሰው መቀነስ ወይም ሌላ ጀልባ መፈለግ ይሻላል።

ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ፥ ይልቁንም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቷል። ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ዙሩ ወዲያው ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ መጨመር ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ አጥፍቶ፥ ሞተሩን ከውሃው አንሥቶ አረሙን በእጅ ማላቀቅ ያስፈልጋል። በዳርቻው ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ድንጋይም ምላጩን ያጎብጠዋልና፥ ወደ ደቅ የሚሻገር ጀልባ ትርፍ ፕሮፔለርና መፍቻ ይዞ መነሣቱን ከመሳፈር በፊት ማየት ይገባል።