አፈርም እርሾ ይፈልጋል



«ጀርም» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ወዲያው ሳሙና ይፈልጋል። የእናቶቻችን ቡሃቃ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ እርሾው ቀድሞ ሊጡን ከያዘው፥ የሚያበላሸው ተሕዋስ ቦታ ያጣል። እኔም የብቸና ገበሬ ልጅና የእርሻ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፥ ይኸው ሕግ በማሳ ላይ ይሠራ እንደሆነ ማሰብ ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ።

በብቸና ዋልካ መሬት ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፥ በአፈሩ በቀረው ርጥበት ነው። ጠላቱ ፉዛሪየም የተባለው ሻጋታ ከሥር ገብቶ የውኃውን መንገድ ይዘጋል፤ ተክሉም በቁሙ ጠውልጎ ይደርቃል። አዝመራው ከተነሣ በኋላም ሻጋታው በአፈር ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል። እንዲህ ላለው ጠላት ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም።

ሊደርስበት የሚችለው ሌላ ሻጋታ ነው፤ ስሙም ትራይኮደርማ ይባላል። ሪቻርድ ዋይንድሊንግ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ይህ ሻጋታ ሥር አበስባሹን ሻጋታ ተጠምጥሞ እንደሚበላው ጻፈ። ከዘር ጋር ተለውሶ ሲዘራ በሥሩ ዙሪያ ቀድሞ ይሰፍራል፤ የጠላቱን ምግብ ይሻማል፤ ግድግዳውንም የሚያሟሟ ንጥረ ነገር ያመነጫል።

ነገር ግን ሁሉን ፈዋሽ ነው ብለን አናውራለት። ሞጣ ያሉትን ዘመዶቼን የሚያሳስባቸው የስንዴ ዋግ ነው። ዋግ በነፋስ ተጉዞ ቅጠልና አገዳ ላይ ያርፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ብዙ ስንዴ ያጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ለእርሱ ዋናው ጋሻ ዋግን የሚቋቋም ዘር ነው እንጂ የአፈር ሻጋታ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፥ ይህ የማይታየው ሎሌ ቀለቡ ምንድን ነው?»

ቀለቡ ፍግና ብስባሽ ነው። እኛ ግን ፍጉን ኩበት አድርገን እናነደዋለን፤ ሌላ ማገዶ ያጣችውን እናትም ልንወቅሳት አንችልም። እንግዲህ የሽምብራው በሽታ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የምድጃ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

መንገዱ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። ሪዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ «ሕያው ማዳበሪያ» ተብሎ በፓኬት ለጥራጥሬ ገበሬ ደርሷል፤ በጥላ ሥር ከዘሩ ጋር ይለወስና ፀሐይ ሳይመታው ይዘራል። ትራይኮደርማም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ይህን ትምህርት የምንማር ሁሉ፥ በብርጭቆ ሳሕን ላይ አሳድገነው ደስ ብሎን አንቅር። ነፍሱ ሳይወጣ ብቸና መድረሱን እናስብ፤ ከዚያም አስቀድመን የማገዶውን ነገር እንምከርበት። ቀለብ ሳያዘጋጁ ሎሌ መቅጠር አይገባምና።