ዓለም ገና ላይ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር

ካንትን ማንበብ የጀመርኩት ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ለመታየትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1781 የታተመው «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» ዓለም ገና ላይ የተጀመረ ዓረፍተ ነገሩ አየር ጤና ሲደርሱ እንኳ አያልቅም። እኔ ግን ክፍል ገብቼ «ገብቶኛል» ባይ ነኝ። ከቡራዩ ከሚመጣው ጓደኛዬ ጋር ስለ «ነገር በራሱ» አንድ ወር ሙሉ ተከራክረናል፤ ያውም እየጮህን!

አንድ ማታ አባቴ መጽሐፉን አገላብጠው «ምን ይላል?» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። «እኔ የጠየቅሁህ በአማርኛ ነው» አሉ። ላብ አጠመቀኝ። ለትምህርቴ ስንት የከፈሉ ሰው ናቸው እኮ!

በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋልና፣ «እንግዲያው አንዲቱን መስመር ብቻ ያዝ፤ ከዚያ አንድም እያልክ ፍታት» አሉኝ። አንዲት መስመር ይዘን እኩለ ሌሊት ሆነ። የምናውቀው ነገሩ ለእኛ እንደሚታየን እንጂ በራሱ እንዳለ አይደለም የምትል ነበረች።

«ገባኝ» አሉ አባቴ፤ «ሱሉልታ ሜዳ ላይ በጭጋግ ውስጥ እንደሚታይ ባሕር ዛፍ ነው።»

«ኧረ አይደለም አባባ! ጭጋግማ ይገፈፋል። ይኸኛው ያለው ከእኛው ከማያችን ላይ ነው፤ አይገፈፍም።»

ዝም ብለው አዩኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም።

በማግስቱ ለቡራዩው ጓደኛዬ የወሩ ክርክራችን ሁሉ ባዶ ጩኸት እንደ ነበር ብነግረው ተቀየመኝ። ስንተኛው ገጽ ደረስህ ትሉኝ ይሆናል፤ ዘጠነኛው ላይ ነኝ።