ሜትር ኩቡ ውስጥ ስንት አየር አለ?

መርካቶ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ጨርቅና ጫማ ነው። የጣውላ ሻጮቹን መንገድ ያያችሁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ ዓይኔን ጨፍነው ቢወስዱኝ እንኳ አውቀዋለሁ። ጥዱ እንደ ዕጣን ያውዳል፣ መጋዙ ይጮኻል፣ ሰጋቱራው ፀጉር ላይ ያርፋል። አጣና የተሸከመው ሰውዬ «ዞር በሉ!» ሲል ዞር ካላላችሁ ደግሞ ለግንባራችሁ እዘኑ። አልጋና ቁም ሣጥን ማሠራታችሁ አይቀርምና አንድ ቀን ጎራ በሉ... ሜትር ይዛችሁ ታዲያ!

ጥቂት የሚፈልግ በቁጥር ይገዛል። በዛ ሲል ነው ወሬው ወደ «ሜትር ኩብ» የሚዞረው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ርዝመትን በወርድ፣ እሱን ደግሞ በውፍረት ማባዛት ነው፤ ሁሉም በሜትር። 4 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ወርድና 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ 0.02 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ 50 ጣውላ አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል ማለት ነው።

ሠርጓ የደረሰ አንዲት ጓደኛዬን ከእጮኛዋ ጋር ሆነን ሸኘናት። ሊከፍቱ ላሰቡት ቁርስ ቤት ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር ማሠሪያ ነው፤ ገንዘቡ የእሷ ዕቁብ። ሻጩ 50 ቆጠረና «ይኸው አንድ ሜትር ኩብ፣ እህቴ» አላት። እሷ ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር መዘዘች! ርዝመቱ ደህና፣ ወርዱም ደህና። ውፍረቱ ግን 2 ሳንቲ!

እጮኛዋ ፊቱ ቀላ። «ተይ እንጂ፣ ለግማሽ ሳንቲ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ግማሽ ሳንቲዋን አንተ ትከፍላለህ?»

እስቲ አስሉት። 0.016 በ50 ሲባዛ 0.8 ነው። ከአምስት ብር አንዱ ብር ለአየር ሊከፈል ነበር! ሻጩ አጉረመረመና 12 ጣውላ ጨመረላት። ግማሿን ጣውላ እሷም ተወችለት። ሰውዬው መኪናው ላይ እስኪጫን ድረስ ዝም! በእኔ ግምት ያሳፈረው የእሷ ሜትር ሳይሆን የራሱ ባዶ እጅ ነው።

ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በወርድና በውፍረት ይኮማተራል፤ መላጊያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እናም «ውፍረቱ ከመላጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ። ክምሩን ከውጭ ለክቶ ዋጋ የሚጠራላችሁ ካለ ደግሞ በጣውላዎቹ መሐል ያለውን ክፍተትም እየሸጠላችሁ ነው። ዋንዛ ስትጠይቁ ዋጋው ቢያስደነግጣችሁ አትገረሙ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር።

ከነግንዱ የምትገዙ ከሆነ ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠምጥሙት። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ ለ12.57 አካፍሉ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዙት። ወገቡ 1.20 ሜትር የሆነ ባለ 3 ሜትር ግንድ 0.34 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣዋል። ሻጩ ወፍራሙን ጫፍ ለክቶ 1.40 ቢላችሁ ግን 0.47 ሆኖ ያርፈዋል። ሜትሩን እጁ ላይ ሳታዩ ወደ ወገቡ አምጡለት።