ሥራ ፈት፣ ሥራ አጥ፣ ሥራ ፈላጊ

አማርኛን እንደ እኛው ከሌላ ቋንቋ ተነሥተው የሚማሩ የመንግሥት ሹማምንትና ሠራተኞች ይህን ገጽ እንደሚያነቡ እናውቃለን። ስለዚህ የዛሬውን ነገራችንን ከሦስት ቃላት እንጀምራለን። እነርሱም «ሥራ ፈት»፣ «ሥራ አጥ» እና «ሥራ ፈላጊ» ናቸው። ሦስቱም በአንድ ወንበር ላይ ስለ ተቀመጠ ስለ አንድ ሰው ሊነገሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፍርዳቸው አንድ አይደለም።

የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ነው። በእርሱ «ስራሕ ኣልቦ»፣ ማለት ሥራ የሌለው፣ እንላለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፣ ይሠራበት የነበረው ወፍጮ ተዘግቶበት ከቤት ስለ ዋለ አንድ ጎረቤታችን በአማርኛ ድርሰት ስንጽፍ «ሥራ ፈት ሆነ» አልን። መምህራችን ቃሉን በቀይ ቀለም ሰርዘው፣ «ልጄ፣ ሥራ የፈታ ሰው እጁን ራሱ የሰበሰበ ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ግን ከእጁ የተወሰደበት ነው። ሰውን ባላጠፋው ጥፋት አትክሰስ» አሉን። ትምህርቱን በሚገባ ያዝነው። በኋላ ግን የመሥሪያ ቤት ወንበር ስናገኝ ረሳነው።

ወደ ናይሮቢ ከመምጣታችን አስቀድሞ አምስት ዓመት ያህል በአገራችን በአንድ ከተማ፣ ስሙን በማንጠራው መሥሪያ ቤት፣ ሥራ ፈላጊዎችን ስንመዘግብ ቈይተናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ በተመለሱ ጊዜ፣ በመስኮታችን ፊት የቆመው ሰልፍ እጅግ ረዘመ። ከተመላሾቹ አንዱ የሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኛ መሆኑን ነገረን። በቅጹ ላይ የቀበሌው ማኅተም ስላልነበረበት «ነገ ተመለስ» አልነው። በዕድሜ ይበልጠን ነበርና «ነገ ይመለሱ» ማለት ይገባን ነበር፤ እርሱንም እንኳ አላልንም። በማግሥቱ ማኅተሙን አስመትቶ መጣ፤ የያዘው ጉርድ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ስለ ነበረ «ነገ ተመለስ» አልነው። በሦስተኛው ቀን የሙያ ማስረጃ ጠየቅነው። ሁለት እጆቹን በመስኮቱ አስገብቶ አሳየን። እኛም ሣቅን። በአራተኛው ቀን አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አላየነውም።

ይህን ታሪክ ለብዙ ጊዜ ለማንም አልነገርነውም። እንድናወጣው ያደረጉን ናይሮቢ ያገኘናቸው አንድ ጎረቤታችን ናቸው።

በናይሮቢ በሥራ ተመድበን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። በምንኖርበት ሕንጻ ከእኛ በታች የሚኖሩ አንድ የኀምሳ ሁለት ዓመት ሰው አሉ። በስዋሂሊ ቋንቋ ለታላቅ ሰው የሚሰጠው የአክብሮት ስም «ሙዜ» ነውና እኛም እንዲሁ እንጠራቸዋለን፤ እርሳቸውም እኛን «ንዱጉ»፣ ማለት ወንድሜ፣ ይሉናል። ሙዜ በከተማው መሃል በሚገኝ አንድ ሆቴል ሃያ ሦስት ዓመት በቧንቧ ሠራተኛነት አገልግለዋል። በ2020 የኮሮና በሽታ እንግዳን ሁሉ ካራቀ ወዲህ የናይሮቢ ሆቴሎች ኑሮ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከ1969 ጀምሮ የከተማው ምልክት ሆኖ የቆየው ክብ ግንብ ያለው የሂልተን ሆቴል እንኳ በ2022 መጨረሻ በሩን ዘግቷል። ሙዜ ይሠሩበት የነበረው ከእርሱ የሚያንስ ሌላ ሆቴል ነው፤ እርሱም ሠራተኞቹን ቀነሰ። የ2007 የኬንያ የሥራ ሕግ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ከ15 ቀን ደመወዝ ያላነሰ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል፤ ሙዜም ተቀበሉ። ነገር ግን የሦስት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ገንዘቡን ቶሎ ጨረሰው።

አንድ ማለዳ በደረጃው ላይ አግኝተውን፣ «ንዱጉ፣ አንተ የመሥሪያ ቤት ሰው ነህ፤ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ታውቃለህ፤ ዛሬ አብረኸኝ ውለህ ምን እንደሚሉኝ ስማልኝ» አሉን። የዕረፍት ቀን ስለ ነበረን ተስማማን። በሞይ ጎዳና በቶም ምቦያ ሐውልት ሥር ተገናኘን። ቶም ምቦያ የሠራተኞች ማኅበራት መሪ የነበረና በ1962 የኬንያ የሥራ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው፤ በ1969 በዚያው ጎዳና በጥይት ተገደለ። ሥራ ፈላጊዎች በእርሱ ጥላ ሥር መቀጣጠራቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ለእኛ ግን የተገባ መስሎ ታየን።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ኬንያታ ጎዳና፣ በዋናው ፖስታ ቤት ወዳለው የሁዱማ ማዕከል ሄድን። «ሁዱማ» ማለት አገልግሎት ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ ልዩ ልዩ የመንግሥት ጉዳዮች በአንድ ጣራ ሥር የሚፈጸሙበት ቦታ ነው። ሙዜ ከወንጀል ነጻ መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ለማውጣት የጣት አሻራ ሰጡ። በ2022 የወጣ የሕግ ማሻሻያ ቀጣሪዎች እንዲህ ያለውን ማስረጃ ሰውየውን ለመቅጠር ከመወሰናቸው በፊት እንዳይጠይቁ ቢከለክልም፣ ሙዜ ግን «ሳይጠይቁኝ ባቀርበው ይሻላል» ብለው ነበር። የተከለሰ ሕግ ወደ ድኻ ጆሮ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ቀጥሎ ሥራ ፈላጊ ወደሚመዘገብበት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ገባን። ሁለት ሰዓት ተኩል ከጠበቅን በኋላ አንድ ወጣት ጸሐፊ ምዝገባው በኢንተርኔት መሆኑን ነገራቸው። ሙዜ የኢሜይል አድራሻ አልነበራቸውም። ወጣቱም ዐይኑን ከፊቱ መሣሪያ ሳያነሣ «ሩዲ ኬሾ» አላቸው። ትርጕሙ «ነገ ተመለስ» ማለት ነው።

ስዋሂሊ ከጀመርን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ነበረ ብዙ ቃል ያመልጠናል፤ ይህ ግን አላመለጠንም። ደማችን ወደ ፊታችን ወጣ። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድካም ነበረበት፤ ሰልፉም ረዥም ነበር። እኛም በዚያን ጊዜ ክፉ አልነበርንም። በመስኮቱ ወዲህና በመስኮቱ ወዲያ ያለው የቀን ርዝመት ግን አንድ አይደለም። ለጸሐፊው ነገ የሥራ ቀን ነው፤ ለሥራ ፈላጊው ነገ ሌላ የመሳፈሪያ ገንዘብና በቤቱ የሚናገረው ሌላ ምክንያት ነው።

ወጥተን በአጋ ኻን መንገድ በመቀመጫዎቹ ላይ ዐረፍን። ይህ የእግረኞች መንገድ ሥራ ያጡ ሰዎች ውለው የሚመለሱበት ቦታ በመሆኑ ይታወቃል። ብዙዎቹ ሱፍ ለብሰው ክራባት አስረዋል። ሙዜ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እነዚህ ጎረቤት እንዳያውቅባቸው ማለዳ የሚወጡ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ» አሉን። ከተሰናበቱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ በቤታቸው ግን ለማንም አልተናገሩም። በየማለዳው የሥራ ቱታቸውንና የምሳ ሣሕናቸውን ይዘው ይወጣሉ።

እኛ ግን የምናውቀው ነገር ነበርና ዝም አልን። የሙዜ ባለቤት ለባለቤታችን ጉዳዩን ከነገሯቸው ሰንብተው ነበር። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ሳምንት ዐውቀዋል። ቱታው የዝገትና የቅባት እድፍ ሳይኖርበት ይመለስ ጀመር፤ እርሳቸውም ንጹሑን ቱታ እንደ ቈሸሸ አድርገው ያጥቡት ነበር። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ክብራቸውን ሲጠባበቁ ስምንት ወር አለፈ።

ከቀትር በኋላ ሙዜ መመለስ ፈልገው ነበር፤ «ሌላ አንድ ቦታ እንሞክር» ብለን ለመንናቸው። በሁለተኛው መሥሪያ ቤት ያገኘናቸው ሴት ጸሐፊ በዕድሜ አርባ የሚሆናቸው ናቸው። «የምስክር ወረቀትህ የት አለ?» ብለው አልጀመሩም። «ሙዜ፣ ይቀመጡ። እጅዎ ምን ይሠራል?» አሉ። ሙዜም ስለ ሙቅ ውሃ ጋን፣ ስለ ግፊት፣ በስምንተኛው ፎቅ ስለ ፈነዳ ቧንቧ ተናገሩ። ከተሰናበቱ ወዲህ ስለ ሥራቸው የጠየቃቸው ሰው እርሳቸው የመጀመሪያ መሆናቸውን በኋላ ነገሩን።

ጸሐፊዋ ነገሩን እንዲህ አስረዱን። በኬንያ ቀጣሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ ለኢንዱስትሪ ሥልጠና ይከፍላሉ፤ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ይኸው ባለሥልጣን በሦስት ደረጃ የተከፈለ የሙያ ፈተና ይሰጣል፤ 3ኛው የመጀመሪያው፣ 1ኛው የመጨረሻው ነው። በ2016 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የሥራ ቅጥር ባለሥልጣን ደግሞ ሥራ ፈላጊዎችን እንዲመዘግብና ከቀጣሪ ጋር እንዲያገናኝ ታዟል። በ2024ም መንግሥት ሰው በሥራ ላይ የተማረው ሙያ ተመዝኖ ዕውቅና እንዲያገኝ የሚያደርግ መመሪያ አውጥቷል። ጸሐፊዋ ይህን ከተናገሩ በኋላ የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ ቀኑንና ቦታውን ጭምር፣ በአንድ ቍራጭ ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። «ነገ» የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ፈተናው ግን ክፍያ ነበረበት። ሙዜ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡ ሲያስቡ ሁለት ቀን ዐደሩ። በሦስተኛው ቀን በአጋ ኻን መንገድ የምሳ ሣሕናቸውን ሲከፍቱ፣ ከክዳኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ገንዘብ አገኙ። ባለቤታቸው እንደ እኛ ዕቁብ ካለው፣ እነርሱ «ቻማ» ከሚሉት ማኅበር የደረሳቸውን አስቀምጠውላቸው ነበር። ከገንዘቡ ጋር አንድም ቃል አልተጻፈም። ሙዜ ያን ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያ ምሽት በቤታቸው ምን እንደ ተባለ አናውቅም፤ ልንጠይቅም አልተገባንም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከእኛ ዘንድ እየመጡ ያጠኑ ነበር። ፈተናው የተግባር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍም ነው፤ ሙዜ መሣሪያውን ሁሉ በእጃቸው ያውቁታል፤ የእንግሊዝኛ ስሙን ግን አያውቁትም። እርሳቸው ሥዕሉን ሲሥሉ እኛ ስሙን እንጽፋለን። ታናሹ ልጃቸው የአባቱን ደብተር አይቶ፣ «ባባ፣ አንተም ትማራለህን?» አላቸው። «አዎን፤ ሥራዬን አጥቻለሁ፤ ሌላ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ እማራለሁ» አሉት። ልጁም የራሱን እርሳስ ሰጣቸው።

ውድ አንባቢያን፣ በጎልማሳነት ቋንቋ የምትማሩ እናንተ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። የሚያውቀውን ነገር ስሙን አጥቶ እንደ ሕፃን የሚታይ ሰው ኀፍረቱ ከባድ ነው። ሙያ የሚለውጥ ሰውም እንዲሁ ነው።

ሙዜ የ3ኛውን ደረጃ ፈተና ዐለፉ። ሃያ ሦስት ዓመት የሠሩ ሰው ከመጀመሪያው እርከን መነሣታቸው ቅር ቢያሰኘንም፣ ሥርዐቱ እንደዚያ ነበር። ወረቀቱም ወዲያው እንጀራ አልሆነም። እስከ ዛሬ ቋሚ ሥራ አላገኙም፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን በሕንጻ ሥራ ቦታዎች ይሠራሉ። ነገር ግን የሥራው ተቈጣጣሪ ስማቸውን ከቀን ሠራተኞች ተራ አውጥቶ ከባለሙያዎቹ ተራ ጽፎታል፤ የቀኑም ሒሳብ ከፍ ብሏል። ቱታውም አሁን በእውነት ቈሽሾ ይመለሳል።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። ሠሪውን ከሥራው ጋር ለማገናኘት መንግሥታት ሕግ ያወጣሉ፤ ገንዘብ ይመድባሉ፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1948 ባወጣው 88ኛ ስምምነት አገሮች ለሕዝባቸው ነጻ የሥራ ማገናኛ አገልግሎት እንዲያቋቍሙ ደንግጓል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሥራ ፈላጊው ግን ሕጉን አያየውም፤ በጀቱንም አያየውም። እርሱ የሚያየው በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ፊት ነው። ያ ፊት የሚያስፈልገውን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ አሟልቶ ቢነግረው፣ አገልግሎቱ አለ። በየቀኑ አንድ አንድ እየቈረሰ ቢነግረው፣ ሕጉ በመዝገብ ቢኖርም አገልግሎቱ የለም።

በናይሮቢ ያለን የሥራ ዘመን ሲፈጸም ወደ አገራችን እንመለሳለን። ወደ ቀድሞው መስኮት ብንመደብ ደስ ይለናል። ያን የሴራሚክ ሠራተኛ ዳግመኛ ለማግኘት ተስፋ የለንም፤ እርሱን የሚመስል ሰው ግን መምጣቱ አይቀርም። በመጣም ጊዜ ቆመን ወንበር እንሰጠዋለን፤ በመዝገባችንም ላይ «ሥራ ፈላጊ» ብለን እንጽፋለን፤ ከዚያም እጁ ምን እንደሚሠራ እንጠይቀዋለን።