ሳቁን እንዴት እንግለጸው?

አንድን ነገር ለማያውቀው ሰው መግለጽ ከባድ አደራ ነው። ገላጩ የወደደውን ብቻ ቆርጦ ቢያሳይ ሰሚው ተታልሎ ያወድሳል፤ የጠላውን ብቻ ቆርጦ ቢያሳይ ደግሞ ሰሚው ሳያይ ያወግዛል። ስለ ሰው ስንናገርም፣ ስለ መጽሐፍ ስንናገርም፣ ስለ ቴሌቪዥን ዝግጅት ስንናገርም ነገሩ ያው ነው።

እኛ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ያደግን እህትማማቾችና ወንድማማቾች ነን። ይህን አደራ እንድናስብበት ያደረገን «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የቅዳሜ ሌሊት ዝግጅት ነው። ከእርሱ የተቆረጡ አጫጭር ቪዲዮዎችን በስልካችን እያየን ስንስቅ አባታችን ጠጋ ብለው፣ «ይህ ዜና ነው ወይስ ቲያትር? በመሪያቸው ላይ እንዲህ ሲቀልዱ ጠያቂ የላቸውም?» አሉን። አባታችን በመሪ መቀለድ ቀርቶ፣ ስለ መሪ ለማውራት እንኳ ግራ ቀኙን መቃኘት ግድ በነበረበት ዘመን ያደጉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያቸው ለወግ ያህል የቀረበ አልነበረም። ልጆቻቸው የሚስቁበት ነገር ልጆቻቸውን ወዴት እንደሚወስድ ማወቅ ፈልገው ነው። ታዲያ «ዝም ብሎ ቀልድ ነው» ብሎ ማለፍ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ይበቃልን? በጭራሽ!

ከቃሉ ጀመርን። የዝግጅቱ ዋና ነገር አጭር ጭውውት ነው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀርቧቸው የነበሩትን ጭውውቶች የሚያስታውስ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሁለት ሦስት ሰዎች ይቀርባሉ፤ የምናውቀውን የኑሮ ጉዳይ አጋንነው ያሳያሉ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ልዩነቱ አሜሪካኖቹ በርከት ያሉ ጭውውቶችን በአንድ ሌሊት፣ አንድ ሰዓት ተኩል በሚፈጅ ዝግጅት፣ በቀጥታ ስርጭት ማቅረባቸው ነው። በመካከሉ ሙዚቃ አለ። የሳምንቱን ወሬ እያነሳ የሚቀልድ የዜና ጠረጴዛም አለ። አባታችንን ግራ ያጋባቸው ይኸው ጠረጴዛ ነበር።

ዝግጅቱ በኤን ቢ ሲ ጣቢያ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1975 ነው። መሥራቹ ካናዳዊው ሎርን ማይክልስ ሲሆን፣ ከ1980 እስከ 1985 ከተለየበት ጊዜ በቀር ሲመራው ኖሯል። የሚቀርብበት 8ኤች የተባለው ስቱዲዮ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ሴንተር ይገኛል። ይህ ስቱዲዮ ቀድሞ ቶስካኒኒ የሚመራው የኤን ቢ ሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ይጫወትበት የነበረ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 የ50ኛ ዓመቱ በዓል ተከብሯል።

ከሁሉ ይልቅ አባታችንን የሳበው ግን የሳምንቱ አሠራር ነው። ሰኞ የሳምንቱ እንግዳ አቅራቢ ከጸሐፊዎቹ ጋር ተገናኝቶ ሐሳብ ይሰማል። ማክሰኞ ጸሐፊዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፉ ያድራሉ። ረቡዕ 40 ገደማ ጽሑፎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባሉ፤ አብዛኞቹ እዚያው ይወድቃሉ። ለተመረጡት ሐሙስና ዓርብ መድረክ ይሠራል፣ ልብስ ይሰፋል፣ ልምምድ ይደረጋል። ቅዳሜ ማታ በተመልካች ፊት ሙሉ ልምምድ ይካሄድና ያላሳቀው እንደገና ይቀነሳል። ከዚያም እኩለ ሌሊት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ስርጭቱ ይጀመራል። ማይክልስ እንደሚለው ዝግጅቱ የሚቀርበው ስለ ተሟላ አይደለም፤ ሰዓቱ ስለ ደረሰ ነው። ተዋንያኑ የሚያነቡት በትልልቅ ካርቶን ላይ በእጅ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። ምክንያቱም ቃሉ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ይለወጣል።

ወደ መሪዎቹ እንመለስ። በ1975 ቼቪ ቼዝ የተባለው ተዋናይ ፕሬዚዳንት ፎርድን እየተደናቀፈ የሚወድቅ ሰው አድርጎ ተጫወተባቸው። ፎርድስ ምን አደረጉ? በኤፕሪል 1976 የፕሬስ ጸሐፊያቸው የዝግጅቱ እንግዳ አቅራቢ ሆነ፤ እርሳቸውም በቪዲዮ ተቀርጸው በዚያው ምሽት ታዩ። ዳና ካርቪ ደግሞ ትልቁን ቡሽ በድምፃቸውና በእጃቸው እንቅስቃሴ ሲያስመስል ኖረ። ቡሽ በ1992 ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ ዋይት ሐውስ ጠርተው በሠራተኞቻቸው ፊት አስቀለዱት፤ አብረውም ሳቁ። አባታችን ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው የተቀለደበትም ይስቃል ማለት ነው» አሉ።

ሳቅ የሚከብድበት ቀንም አለ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት 18 ቀን በኋላ የከተማይቱ ከንቲባ ጁሊያኒ ከእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከፖሊሶች ጋር በዚያ መድረክ ቆሙ። ማይክልስ መቀለድ ይቻል እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «ለምን ዛሬ ትጀምራላችሁ?» ብለው መለሱለት። እስከ ዛሬ መቼ አሳቃችሁን ማለታቸው ነው። ለቀስተኛ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያዋ ቀልድ ምን ያህል እንደምትከብድ፣ ምን ያህልም እንደምታሳርፍ ያውቃል።

እኛንም በቅርብ የነካን ምሽት አለ። በማርች 30 ቀን 2024፣ በረመዷን ወር፣ የግብፃውያን ልጅ የሆነው አሜሪካዊው ሙስሊም ኮሜዲያን ራሚ ዩሱፍ እንግዳ አቅራቢ ሆኖ ቀረበ። በመክፈቻ ንግግሩ ስለ ዱዓ እያዋዛ ከተናገረ በኋላ ለፍልስጤም ሕዝብ ነፃነትና ለታገቱት ሁሉ መፈታት መጸለዩን ገለጸ። አዳራሹም አጨበጨበለት።

ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ነግረን ብንተው አደራውን በልተናል። በዝግጅቱ ውስጥ ብልግና ያለበት ቀልድ ሞልቷል። የሚቀርበው ትንንሽ ልጆች በሚተኙበት ሰዓት መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ስልክ ግን የሌሊቱን በጠዋት ያመጣል። ይህንንም ለአባታችን ሳንደብቅ ነገርናቸው። ከዚያ ወዲህ ታናናሾቻችን ብቻቸውን እንዳያዩ ተስማምተናል፤ ታላላቆቹም የምናየውን መርጠን እናያለን።

እናንተ ወጣቶች! ወላጆቻችሁ «ምንድን ነው የምታዩት?» ሲሏችሁ በሩን አትዝጉባቸው። ማን እንደሚሠራው፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን መልካም፣ ምን አሳፋሪ ነገር እንዳለበት አስረዱ። እናንተም ወላጆች! ከአንዲት ደቂቃ ቁራጭ ተነስታችሁ አትፍረዱ፤ ጠይቁ፣ አዳምጡም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አንዱ የሚስቅበትን ሌላው ካላወቀው ቤቱ አንድ ቢሆንም ኑሮው ሁለት ነው።