በኤረር በር የቆመው ፔጆ

እኛ ሁለት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ነን። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ለማስተማር የወጣን ተማሪዎች ነን። ባለፈው ክረምት የሁለት ቀን ዕረፍት አገኘን። ወደ ባቢሌ ሄደን የደካታን ቋጥኞች ለማየት ተነሣን።

ከድሬዳዋ ተሳፍረን ሐረር ገባን። ከሐረር ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈረስ መጋላ ላይ አንድ አሮጌ ፔጆ ታክሲ በኮንትራት ያዝን። የሐረር ታክሲ ሲባል ብዙ ዘመን ፔጆ 404 ነበር። ዛሬ ባጃጁ በዝቷል። ግማሹን ሒሳብ ከፈልን። ሾፌሩ በውጭ ዞረው ኤረር በር እንዲጠብቁን ተስማማን። እኛ በጁገል ውስጥ በእግራችን ወረድን። የጁገል አምስቱ የጥንት በሮች የተሠሩት ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነው። መኪና ያኔ የት ነበር?

ከበሩ ወጥተን ተሳፈርን። ትንሽ እንደ ሄድን እንጨት የጫነች አህያ መንገዱ ላይ ገባች። ሾፌሩ ፍሬን ረገጡ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። መኪናው ግን አልቆመም። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሱ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ከአህያዋ ሁለት ክንድ ሲቀረን ቆምን። ባለ አህያው ሰደቡን። እውነታቸውን ነው።

ወርደን ስናይ ከኋላው ጎማ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል።

እዚያው አጠገብ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ነበር። ገባን። ባለሱቁ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ ጭቃ የለበሰ የፔጆ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሾፌሩ አዛውንት ናቸው፤ ፎቶውን ሲያዩ የፍሬኑን ነገር ረሱት።

«አያችሁ? የኔዋ ዓይነት ናት። ኬንያ ድረስ ሄዳ ውድድር ያሸነፈች!» አሉን።

ነገሩ እውነት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ይባል የነበረ የመኪና ውድድር አለ። የተጀመረው በ1945 ዓ.ም. ነው። በክብ ሜዳ የሚሮጥ ውድድር አይደለም። ያኔ መኪኖቹ የሚሮጡት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተራ መንገድ ነበር። አቧራ አለ፤ ዝናብ ከጣለም ጭቃ ነው። በ1955 ዓ.ም. 84 መኪኖች ተነሡ። መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። አንደኛ የወጣው ፔጆ 404 ነበር። በ1958፣ በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አሸነፈ።

ሾፌሩ ይህን ተናግረው ወደኛ ዞሩ።

«አቦ! እንዲህ ያለች መኪና ባቢሌ ያቅታታል? ዘይት እየጨመርኩ በማርሽ አወርዳታለሁ።»

እኛም «እንሂድ ጋሼ» አልን። የቀረን አንድ ቀን ነበር። አሁን ስናስበው እናፍራለን። ከሐረር ወደ ባቢሌ መንገዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል። ቁልቁለት ነው።

ባለሱቁ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ከ84 ሰባት ገቡ አሉ። 77ቱስ የት ቀሩ?»

ሾፌሩ ዝም አሉ።

የጎደለችው ዕቃ ትንሽ ናት። ጎሚኒ ይሏታል፤ ከጎማ የተሠራች ክዳን ናት። የሐኪም መርፌ ታውቃላችሁ። ስንገፋው መድኃኒቱ በፊት ይወጣል። የውስጡ ጎማ ካረጀ ግን መድኃኒቱ ወደ ኋላ ያፈሳል። የመኪና ፍሬንም እንደዚያ ነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ዘይት በቀጭን ቱቦ ሄዶ የጎማውን ፍሬን ይገፋል። ጎሚኒው ካፈሰሰ ዘይቱ መሬት ላይ ይቀራል።

ሱቁ ውስጥ የተገኘችው ጎሚኒ የሌላ መኪና ናት። መጠኗ ትንሽ ያንሳል። ሾፌሩ «እሷኑ ስጠኝ» አሉ። ልጁ «አልሸጥም» አለ። «ሌላ ሱቅ እገዛለሁ» ብለው ተቆጡ። «ይግዙ ጋሼ፤ እኔ ግን የለሁበትም» አለ። ፋብሪካው ይህን መኪና መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዕቃው እንደ ልብ አይገኝም። ለሾፌሩ ደግሞ ቆሞ መዋል ማለት ልጆች ማታ የሚበሉትን ማጣት ነው። ቁጣቸው ከዚያ ነበር። በመጨረሻ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ድሬዳዋ ስልክ ደወለ። የሰጠናቸውን ግማሽ ሒሳብ ይመልሱ አላልንም። ሐረር አደርን።

በማግስቱ ዕቃው በጧት መኪና መጣ። መካኒክ ገጠመው። ግን ሥራው በዚህ አያልቅም። ቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ፍሬኑ አይዝም። ስለዚህ ከኛ አንዱ መሪው ጋ ተቀመጠ። መካኒኩ መኪናው ሥር ተኝቶ «ርገጥ! ያዝ!» ይላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ትንሿን ብሎን ይከፍታል። ዘይቱ ከአረፋ ጋር ይወጣል። ይዘጋና እንደገና ያስረግጣል። አረፋው እስኪጠፋ እንዲህ አደረግን። ሾፌሩ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ረግጠው ካላዩ አላመኑም።

ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ሾፌሩ ቁልቁለት ከመድረሳቸው በፊት ፍሬኑን ረገጥ ያደርጋሉ። በሜዳውም ይረግጣሉ። ደካታን ለማየት ጊዜ አልተረፈንም፤ ቋጥኞቹን ሳናይ ተመለስን። ባቢሌ ላይ ግን ሾፌሩ ሁለት ኪሎ ለውዝ ገዙ። አንዱን ኪሎ ለብቻው አስቋጠሩት።

«ይሄ ለዚያ ለግትር ልጅ ነው» አሉ።