ድንጋዩ ላይ የቀሩት ብሎኖች

ባሕር የሌለው አገር ልጅ ባሕር ዳር ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው ስፋቱን ነው። እኔም ባለፈው ሰኔ ልጄን ልጠይቅ ካሊፎርኒያ በሄድኩ ጊዜ ዓይኔን የጣልኩት ሩቅ ላይ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ግን እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «እማማ፣ እዚያ ምንም የለም። እዚህ ነው» አለችኝ፣ እግራችን ሥር ያለውን ድንጋይ እያሳየች።

ከሳን ሆዜ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን የደረስነው ፓሲፊክ ግሮቭ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሌሊት የተነሳነው ባሕሩ በማለዳ ስለሚሸሽ ነበር። ውኃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ድንጋዩ ይገለጣል፤ በየስንጥቁ የቀረው ውኃም ትንንሽ ኩሬ ይሆናል። የበጋ ወራቸው ነው ብዬ ስስ ልብስ ለብሼ ነበርና ጉሙና ብርዱ የእንጦጦን ክረምት አስታወሰኝ። ልጄ ከመኪናው ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ።

በየኩሬው ሸርጣኖች ይሯሯጣሉ። አበባ የመሰለኝ ነገር ጥላችን ሲያርፍበት ተሰበሰበ፤ ለካ እንስሳ ነው። ዓይኔ የቀረው ግን ድንጋዩ ላይ በተለጠፈ ሮዝማ ነገር ላይ ነው፤ አፉ የተከፈተ ትንሽዬ የእሳተ ገሞራ ተራራ ይመስላል። ባርናክል ይባላል፤ ወገኑ ከሸርጣን ነው። አንዴ ከተጣበቀ እስኪሞት ከቦታው አይነቃነቅም።

«ይሄኛው የደቡብ ነው» አለች ባዮሎጂ የምታስተምረው ልጄ። «ድሮ እዚህ ጥቂት ነበር።»

«የማይነቃነቅ ከሆነ እንዴት መጣ?»

«ትልልቆቹ አይመጡም፣ እማዬ። ትንንሾቹ እጮች ናቸው በውኃው ተወስደው የሚመጡት። ውኃው ከተስማማቸው ያርፋሉ፤ ካልተስማማቸው ይሞታሉ።»

ይህን ካለች በኋላ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። እሷ አገር ከለቀቀች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል።

ድሮ ጥቂት እንደነበር በምን ታወቀ? መልሱ ያለው እዚያው ከተማ፣ ሆፕኪንስ በሚባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ጥናት ጣቢያ ነው። ግቢው ለእንግዳ ክፍት አይደለም፤ እኛም ከአጥሩ ውጭ ባለው የእግር መንገድ ላይ ቆመን ነው ያየነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ዊሊስ ሂዋት የተባለ ተማሪ ከውኃው ጠርዝ ጀምሮ መስመር ዘረጋ። መስመሩን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ በየካሬው ያለውን ቀንድ አውጣም ባርናክልም አንድ በአንድ ቆጠረ። ቦታው እንዳይጠፋም ድንጋዩ ውስጥ የነሐስ ብሎኖች ተከለ።

ስድሳ ዓመት አለፈ። በ1993 ራፍ ሳጋሪንና ሳራ ጊልማን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ብሎኖቹን ፈልገው አገኙና ያንኑ ቆጠራ ደገሙት። ውጤቱ በ1995 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። በዋናነት በደቡብ ከሚኖሩት ዘጠኝ ዓይነት እንስሳት ስምንቱ በዝተዋል፤ ቀዝቃዛውን ሰሜን ከሚወዱት ስምንት ዓይነት ደግሞ አምስቱ ቀንሰዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን በዳርቻው ያለው ውኃ የሞቀው በአማካይ በ0.75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። ለገላ መታጠቢያ ቢሆን እጃችን ልዩነቱን አይለየውም፤ እንስሳቱ ግን ለይተውታል።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልቆመም። ከ2014 እስከ 2016 በዚያ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ሙቀት በወረደ ጊዜ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው የቦዴጋ ቤይ አካባቢ 67 ዓይነት የሞቃት ባሕር እንስሳት ታይተዋል። ከነዚህ 37ቱ ከዚያ በፊት ያን ያህል ወደ ሰሜን ርቀው ተመዝግበው አያውቁም። የሰው ልጅ በሚለቀው ጭስ ምክንያት ምድር ላይ ከሚጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚውጠው ውቅያኖስ ነው።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የባሕሩ እንስሳ ሙቀትን ሽሽት ወደ ሰሜን ሲሄድ የእኛ አገሩ ወደ ላይ ይወጣል። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ደግሞም ባሕሩ ረጅም ነው፤ ተራራ ግን ጫፍ አለው። ጫፍ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከዚያ በላይ ወዴት ይሸሻል?

እኛ አያቶች «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ማለት እንወዳለን። ልጆቻችን ፈገግ ብለው ያልፉናል፤ እውነታቸውን ነው፣ ማስረጃ የለንማ! ሂዋትም «ድሮ ባርናክሉ ጥቂት ነበር» ብሎ ብቻ ቢሄድ ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር። እሱ ግን የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ ጽፎ ሄደ። የቆጠረው ነገር ወደፊት ምን እንደሚናገር ግን ያኔ አላወቀም።

የልጅ ልጄ ድንጋዩ ላይ ገመድ በአራት ማዕዘን ዘርግታ ሮዞቹን ባርናክሎች ቆጠረች፤ አሥራ አራት። ደብተሯ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እማማ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ሰፈርሽ ውስጥ ምን ነበር?» አለችኝ። ስለ ወንዙ፣ ስለ እንቁራሪቶቹ፣ ስለ ወፎቹ ነገርኳት። «ስንት ነበሩ? መቼ ነበር የሚመጡት?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ አንድ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው፣ ከአጥራችን ሥር አደይ አበባ የፈነዳበት ቀን ነው።